አረንጓዴው ኩባያ

በእኛ ጊዜ በሽታውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፣ «ያ ነገር» ነበር የሚባለው፤ እና እኔ በዚያ ጊዜ እናትሽን ትርንጎን ከጽዋ ለይቻታለሁ። ይኸው ተናገርኩት። ሩት፣ ባለፈው «እናቴ ለምን ከማኅበሩ ወጣች?» ስትዪኝ «ስለታመመች ነው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። እናትሽ አልወጣችም፤ እኔ ነኝ ያስወጣኋት። ዛሬ በሷ ቦታ ልትገቢ ነውና ይህን ሳትሰሚ አትግቢ። ስልክሽም ይቅዳው፣ አታጥፊው፤ በኋላ ጽፈሽ ለሌሎችም አስነብቢው።

ታዲያ ያኔ እኔ የሃያ አራት ዓመት አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ እዚሁ ለገሃሬ። ማኅበሩም ያው ይኸው በዓለ ወልድ ነው። በየወሩ በሃያ ዘጠኝ ጌታ ሰው ሆኖ መወለዱን እያሰብን፣ ከአንድ ጽዋ ከአፍ ለአፍ እየተቀባበልን እንጠጣለን፤ ከዚያ ቀጣይዋ ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ወደ ቤቷ ትወስዳለች። እናትሽማ ጽዋው ቤቷ በሰነበተበት ወር ጮክ ብላ አትናገርም ነበር። «ቀስ በሉ፣ እንግዳ አለብኝ» ትላለች። እኛ እንስቃለን።

የዚያን ቀን ደጋሿ እኔ ነኝ፣ ቀጣይዋ ተረኛ ትርንጎ። ከስታለች፣ ከንፈሯ ቆስሏል። ኤች አይ ቪ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። እኔ ደግሞ ያልተማርኩ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ፣ አብሮ በመጠጣት እንደማይተላለፍ ጤና ጣቢያ አስተምረውኛል። አስተምረውኛል እኮ! ታዲያ ጽዋው እሷ ጋ ሊደርስ ሲል ተነሳሁና፣ ከበርሜል ውኃ የምቀዳበትን አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ ጠላ ሞልቼ ሰጠኋት።

«ትርንጎዬ፣ አንቺ በዚህ ጠጪ። ጽዋው እንዳይከብድሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የከበደው እኔን ነው አንቺን?»

አንዷ ሳቀች። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን እማማ አስካለ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንገታቸውን ደፉ። ትርንጎ ኩባያውን ሳትቀምስ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ የጽዋውን ጨርቅ ሳመችና «የሚመጣው ወር እኔ ጋ ነው፣ አይደል?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ወጣች።

እሷ ስትወጣ «አቅም የላትም፣ ተራዋ ይለፋት» ያልኩት እኔው ነኝ።

«እንግዲያው ሰው ሄዶ ይንገራት» አሉ እማማ አስካለ።

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩ። አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ወሩ አለቀ።

በሃያ ዘጠኝ ሌላ ሰው ቤት ተሰብስበን ሳለ ፋጡማ ከች አለች፣ ያሳደገችሽ ፋጡማ። ያኔ ከእናትሽ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነበሩ። አልገባችም፣ በሩን ይዛ ቆመች።

«አቦ፣ እናንተ ሰዎች ምን ሆናችሁ? ትርንጎ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን እያየች ነው። ቤቱን ኖራ ቀባሁላት፣ ጠላው ውስጥ እጄን ባላስገባም ውኃውን ቀዳሁላት። ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። ‹ኧረ ተኚ› ስላት ‹እንግዳ አለብኝ› ትለኛለች።»

«ተራው ለሌላ ሰው ተላልፏል» አልኩ።

«ነግራችኋታል?»

እማማ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነጠላዬን ማስተካከል ያዝኩ።

ታዲያ ፋጡማ አየችን፣ አየችን፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምን አለች መሰለሽ? «እኛ ነቢ ኢሳ ነቢይ ነው እንላለን፤ አላህ ሰው አይሆንም። ፈጣሪ የሰው ሥጋ ለበሰ የምትሉት እናንተ ናችሁ። እኔ በየቀኑ ቁስሏን አጥባለሁ፣ እናንተ ከሥጋዋ ትሸሻላችሁ። ወላሂ፣ ነገራችሁ አልገባኝም።»

እማማ አስካለ ጽዋውን ይዘው ሊነሱ አሉ። እኔ «ጸሎቱ ይለቅ እንጂ» አልኩ። አየሽ? ስለ ጸሎቱ አልነበረም፤ የእናትሽን ፊት ፈርቼ ነው። ጸሎቱ አለቀ፣ ቤቷ ሄድን። ነጯን እንደለበሰች እንቅልፍ ጥሏታል፤ አንቺ እግሯ ሥር ተኝተሻል። የኖራው ሽታ ገና አልወጣም። መቀስቀስ አቃተን፣ ጽዋውን ይዘን ተመለስን። ሁለት ሳምንት አልቆየችም፣ ቀበርናት።

እና ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየሃያ ዘጠኙ፣ «አምላክ ሥጋችንን ለበሰ» እላለሁ። አምናለሁ፣ ሩት፤ ባላምን ይቀለኝ ነበር። እሱ ያልተጸየፈውን እኔ ተጸየፍኩ። ፋጡማ አንቺን በበዓል እጅሽን ይዛ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ስታደርስሽ እያየሁ መንገድ እቀይር ነበር። ለአንቺ ግን አንድ ቀንም አልነገረችሽም። እኔ እንድነግርሽ ትታልኝ ይሆናል።

ኩባያውን አልጣልኩትም። ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ። ዛሬ ጽዋው ሲዞር፣ ከፈቀድሽ፣ አንቺ ከጠጣሽበት ቀጥዬ ልጠጣ። «አይሆንም፣ አንቺ በዚህ ጠጪ» ካልሽኝም በዚህ እጠጣለሁ።

ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ይህን የምታነቡም፣ ይቅር በሉኝ።