መሪውን እርስዎ ይያዙት

ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ በአንድ የመኪና አስመጪ ድርጅት ጋራዥ ግቢ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ በመኪናዋ ሰው እያጓጓዘች የምትተዳደረው ትርሲትና የጥገና ኃላፊው አቶ ገረመው፣ በቻርጅም በቤንዚንም የምትሄደው የትርሲት መኪና አጠገብ ቆመዋል።

ትርሲት፦ አልፈርምም አልኩ እኮ! ስንቴ ልበል?

ገረመው፦ ወይዘሮ ትርሲት፣ ምን የሚያስቆጣ ነገር አለው? «መኪናዬን በደህና ተረክቤያለሁ» ነው የሚለው።

ትርሲት፦ እሱ አናቱ ላይ ያለው ነው። መነጽርዎን ያድርጉና የታችኛውን ያንብቡልኝ።

ገረመው፦ «በተደረገው ምርመራ በተሽከርካሪው ላይ ምንም ዓይነት የቴክኒክ ጉድለት አልተገኘም።» እውነት ነዋ! ሁለት ቀን ሙሉ በኮምፒውተር ፈትሸናታል።

ትርሲት፦ እሷ ጉድለት ከሌለባት ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ፍርድ ቤት የምቀርበው «በቸልተኝነት በማሽከርከር» ተብዬ ነው። ይቺን ፈርሜ ከሄድኩ ዳኛው ሌላ ማስረጃ ምን ያደርግላቸዋል?

ገረመው፦ እኛ ፍርድ ቤት አልላክንዎትም። እንግዲህ አይቆጡኝና፣ አባይ በረሃ ዳገቱ ላይ ደንግጠው ፍሬን ረግጠው ይሆናል። ያጋጥማል። ብዙ ሴቶች...

ትርሲት፦ ብዙ ሴቶች ምን? ይጨርሱታ።

ገረመው፦ ብዙ ሰዎች ልል ነው።

ትርሲት፦ አሥራ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ፍሬንና ቤንዚን መስጫ የማይለይ እግር ይዤ አሥራ ስድስት ዓመት አልቆይም። ያን ቀን ማንን ጭኜ እንደነበር ጠይቀውኝ ያውቃሉ?

ገረመው፦ ተሳፋሪዎች ነበሩ ብለውኛል።

ትርሲት፦ አባቴና ሁለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሦስቱም እዚህ አዲስ አበባ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው፣ በፋሻ እንደተሸፈኑ ወደ ደጀን እየመለስኳቸው ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን አጋመስነው። በሃምሳ እየሄድኩ ድንገት እግሬ ሥር ያለው ነገር ባዶ ሆነ። እስከ ወለሉ ብረግጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይሰማም። አርባ፣ ሃያ፣ ከዚያ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ! ከኋላዬ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አለ።

ገረመው፦ ቦይ ውስጥ የገባው እሱ ነው?

ትርሲት፦ እኛን ላለመግጨት ብሎ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘው። ሙስባህ ይባላል። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ እስካሁን ሆስፒታል ነው። ሦስቱን ሽማግሌዎች አንዱን የሌላውን ትከሻ አስይዤ ከመንገድ ሳወጣ፣ አባቴ «ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

ገረመው፦ እግዜር ይማረው። በጣም ያሳዝናል። ግን ኮምፒውተሩ...

ትርሲት፦ ኮምፒውተሩ ዳገት ወጥቶ ያውቃል? የት ነው የሞከራችኋት?

ገረመው፦ ቀለበት መንገድ ላይ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ። አንድም ነገር አላለችም።

ትርሲት፦ ባትሪዋ ስንት ነበር?

ገረመው፦ ሙሉ ነበር። ቻርጅ ሳናደርግ አናወጣትም።

ትርሲት፦ ባትሪው ሙሉ፣ መንገዱ ሜዳ፣ ወንበሩ ባዶ! እንደዚያማ ከሆነ እኔም ጋ ስምንት ወር ምንም አላለችም። ዛሬ ጠዋት «ራስዎ ይሞክሯት» ብላችሁ ሰጣችሁኝ አይደል? ስዞርባት ቆይቼ ባትሪዋን ወደ ማለቁ አድርሼዋለሁ። ከኋላ ሦስት ጆንያ አሸዋ አለ፤ የሦስቱን ሽማግሌዎች ያህል ይመዝናል።

ገረመው፦ አሸዋ? ምን ሊያደርግልዎት?

ትርሲት፦ እንጦጦን እንድንወጣበት። መሪውን እርስዎ ይያዙት።

ገረመው፦ እኔማ አልችልም፣ ሥራ ላይ ነኝ። ከሰዓት በኋላ እንደዚች ያሉ ሃያ መኪኖች ለአንድ ድርጅት እናስረክባለን።

ትርሲት፦ እንግዲያው አሁኑኑ እንሂዳ። ደህና ከሆነች ተመልሰን እዚሁ ሁለት ቅጂ እፈርማለሁ። ካልመጡ ግን ለዳኛው የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደህና ናት ያለው ሰውዬ ሊነዳት ፈራ።

ገረመው፦ ማን ነው የፈራ? ቁልፉን ያምጡ! ይግቡ፣ ቀበቶዎን አይርሱ።

ትርሲት፦ ቀበቶዬን አስሬያለሁ። እርስዎም ይሰሩ።

ገረመው፦ ይኸው ገበያውን አለፍን። ይኸው ዳገቱ፣ ይኸው አርባ አምስት። ድምፅ የለ፣ ምን የለ።

ትርሲት፦ ገና ነው። ይውጡት።

ገረመው፦ እንደዚች ዓይነቷን የገዛ ስንት ሰው አለ መሰለዎት? አንድም ቅሬታ ይዞ የመጣ የለም። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።

ትርሲት፦ እስቲ ዓይኔን እያዩ ይበሉት።

ገረመው፦ እየነዳሁ እንዴት ብዬ ነው ዓይንዎን የማየው?

ትርሲት፦ ቢጫውን መብራት ግን አይተውታል።

ገረመው፦ እሱ ምንም አይደለም። ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩ ይረከባል። ይኸው ተነሳ፣ ሰሙት?

ትርሲት፦ መጮህስ ይጮሃል። ፍጥነቱን ይዩት።

ገረመው፦ ቆይ... ቆይ እንጂ! አትሄድም እንዴ? ረግጫለሁ እኮ!

ትርሲት፦ ፍሬን ይሆናላ የረገጡት።

ገረመው፦ የምን ፍሬን! ቤንዚኑን ነው፣ እስከ ወለሉ! ሃያ... አሥር... ኧረ ወደ ኋላ እየሄደች ነው! አውቶቡስ አለ ከኋላ! ምን ላድርግ? ንገሪኝ!

ትርሲት፦ አሁን ፍሬን! አጥብቀው ይርገጡ፣ አይልቀቁት። የእጅ ፍሬኑንም ይያዙ። ሁለቱንም ፍሬቻ ያብሩ። ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ እስካደርግ እግርዎን እንዳያነሡ!

ገረመው፦ አውቶቡሱስ? አውቶቡሱ ደረሰብን?

ትርሲት፦ ክንድ ሲቀረው ቆሟል። ይኸው ዞሮ እያለፈን ነው፤ ከስድብ በቀር ምንም አላደረሰብንም። ድንጋዩ ይዟታል፣ ይውረዱ።

ገረመው፦ እግሬን ከፍሬኑ ባነሣ ትሄድብናለች።

ትርሲት፦ እጄን ይያዙ፣ ቀስ ይበሉ። እዚህ ግንቡ ላይ ይቀመጡ። ውሃ እንካ... ይቅርታ፣ እንኩ ውሃ።

ገረመው፦ ከኋላ ያለው አሸዋ ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ አላጽናናኝም።

ትርሲት፦ እኔ አሸዋ አልነበረም የጫንኩት።

ገረመው፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ ምኑን ነው የሚያውቁት?

ገረመው፦ ሁሉንም። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብል ክፍል አለ። ባትሪው አልቆ፣ ጭነት በዝቶ፣ ዳገት ላይ ሲግል ይለቃል። ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ መኪናዋ ትቆማለች። ሲበርድ መልሶ ይይዛል፤ ለዚህ ነው ጋራዥ ስትገባ ደህና የምትመስለው። እርስዎ አምስተኛዋ ነዎት።

ትርሲት፦ አምስተኛ?

ገረመው፦ ሚያዝያ ላይ ሪፖርት ጽፌ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ይህን እንድትጽፍ ማን አዘዘህ?» አለኝ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ዝም አልኩ።

ትርሲት፦ እርስዎ ዝም አሉ! እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ «ምናልባት ያጠፋሁት እኔ እሆን?» እያልኩ የገዛ እግሬን ስጠራጠር ከረምኩ። ሙስባህ ፊት ለይቅርታ ቆሜ አልቅሻለሁ። ያን ጊዜ እርስዎ መልሱን መሳቢያዎ ውስጥ ቆልፈውበት ነበር።

ገረመው፦ አይጨምሩብኝ፣ እባክዎ።

ትርሲት፦ እጨምርብዎታለሁ! አሁን ቤንዚኑን በከንቱ የረገጠው እግርዎ፣ የኔም እግር ነበር። ከሰዓት ቁልፍ የሚቀበሉት ሃያ ሰዎችም እግር አላቸው።

ገረመው፦ ስልክ ነው... እሱ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ። ሄሎ። አቤት። አይ፣ አልፈረሙም። እንጦጦ ዳገት ላይ ነን፣ መኪናዋ ቆማለች። እኔ ነኝ ስነዳ የነበረው። ጌታዬ፣ የዛሬው ርክክብ ቢቆይ... እሺ። ሰምቻለሁ... ዘጋብኝ።

ትርሲት፦ ምን አለዎት?

ገረመው፦ «ሳታስፈርም እንዳትመለስ።»

ትርሲት፦ እኔ እንደሆንኩ አልፈርምም። ያ በሞተር ሳይክል የሚመጣው ትራፊክ ነው?

ገረመው፦ ነው። ወይዘሮ ትርሲት፣ አንድ ነገር ልለምንዎት? «እኔ ነበርኩ የምነዳው» ይበሉት። መኪናዋ የእርስዎ ናት፣ ብዙ አይጠይቅዎትም። እኔ ግን ስሜ የትራፊኩ ወረቀት ላይ ከሰፈረ አለቀልኝ።

ትርሲት፦ የኔ ስም ሲሰፍርስ? አቶ ገረመው፣ አልዋሽልዎትም፤ ለእሱም አላጋልጥዎትም። ከጎንዎ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ። «ማን ነበር የሚነዳው?» ሲል የሚመልሱት እርስዎ ነዎት። እኔ ቢፈርዱብኝም ባይፈርዱብኝም፣ ሐሙስ ዳኛው ፊት ቆሜ ያየሁትን እናገራለሁ። መንጃ ፈቃዴን ቢወስዱት እንኳ አፌን አይወስዱትም።

ገረመው፦ እየቀረበ ነው።

ትርሲት፦ አዎ። ይነሡ፣ ቆመው ይጠብቁት።

ገረመው፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሳጅን። አዎ፣ መንገዱን የዘጋነው እኛ ነን። ሹፌሩ? ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ ገረመው ወልደ ሰማያት፣ የአስመጪው የጥገና ኃላፊ። እግሬ ቤንዚኑ ላይ ነበር፤ እንደዚሁ አድርገው ይጻፉልኝ። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ አብረውኝ ይውረዱ፤ ግቢያችን ውስጥ ከሰዓት ሊወጡ የተሰለፉ የዚች መኪና ሃያ እህቶች አሉ።