ለሙከራ የሞቱት ጋሽ ዘርጋው

ደብረ ብርሃን፣ ረፋድ ላይ፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርጋው ፊታቸውን በጋቢ ተሸፋፍነው ከቤታቸው ፊት ለፊት ወዳለው የወይንሸት ፀጉር ቤት ዘው ብለው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ጋሽ ዘርጋው፦ አሁኑኑ አስነሺኝ!

ወይንሸት፦ ውይ ጋሽ ዘርጋው! ቆይ እስኪ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ሬሳ ቁጭ ይላል? «ዳኛችን አቶ ዘርጋው ስላረፉ ለቀብር ይምጡ» የሚል መልእክት ለእድርተኛው ሁሉ በየስልኩ ደርሷል። ለእኔም ደርሶኛል! ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጄ ላይ ድንኳን። ማን ሞተብኝ ብዬ ልጮህ ስል፣ ለካ የሚለቀሰው ለእኔ ነው። አሁን ብታያቸው ሙት ተነሣ ብለው በድንጋጤ የሚወድቁ አሉ።

ወይንሸት፦ ሙከራ እኮ ነበር፤ የእድሩን መርዶ በስልክ የሚልክ ፕሮግራም ሠርቼ። ኮዲንግ የምማርበት ቪዲዮ «የሠራችሁትን ፕሮግራም በምሳሌ ስም ሞክሩት» ይላል።

ጋሽ ዘርጋው፦ ለምሳሌ የሚሆን ስም ጠፍቶ?

ወይንሸት፦ የሌላ ሰው ስም ባስገባ ሟርት ይሆንብኛል። እርስዎ ግን የእድር ዳኛ ነዎት፣ ከሞት ጋር የቆየ ትውውቅ አለዎት ብዬ ነው። ደግሞ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል።

ጋሽ ዘርጋው፦ ያንቺ ግን ሊያጥር ነው! ምን ነክቶሽ ላክሽው?

ወይንሸት፦ መቼ ላክሁት? ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥሬው ነበር፤ እስከዚያ ስምዎን ላጠፋው ብዬ። ኮምፒውተሩ ለካ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለቀቀው። የሚያስተምረኝ ህንዳዊ ስለ አበሻ ሰዓት ምን ያውቃል?

ጋሽ ዘርጋው፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ጥሩምባችን ምን በደለን? ጥሩምባ በሕይወት ያለ ሰው ገድሎ ያውቃል?

ወይንሸት፦ ጥሩምባ ለሁሉም አይሰማም። ክርስትና እናቴ ሲቀበሩ እኔ እዚህ የሰው ፀጉር እያደረቅሁ ነበር። በዚህ ማድረቂያ ጩኸት ምን ይሰማል? አፈር ሳላለብሳቸው ቀረሁ። ትምህርቱን የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ ነፍሳቸውን ይማር። ማሽንሽን ለእድሩ ስብሰባ ስታቀርቢ ይሄን ለምን አልነገርሽም?

ወይንሸት፦ መቼ አስጨረሱኝ? «በነጻ ተምራ በነጻ ልትቀብረን ነው» ብለው ሰው አሳቁብኝ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ታዲያ ዋሸሁ? በይ አሁን «አልሞተም» ብለሽ ላኪ።

ወይንሸት፦ አይሆንም። ዳኛው ሳይፈቅድ በእኔ ፕሮግራም አንዲት ቃል እንዳይላክ ያስወሰኑት እርስዎ ነዎት። አንዴ ሳላውቅ አጥፍቻለሁ፤ አውቄ አልደግመውም።

ጋሽ ዘርጋው፦ እንግዲያው ጥሩምባ ነፊውን ጥሪልኝ!

ወይንሸት፦ ጥሩምባ ለሞተ እንጂ ለዳነ ተነፍቶ ያውቃል? ዛሬ ደግሞ ቢነፋ «ሚስቲቱም ተከተለችው» ነው የሚባለው።

ጋሽ ዘርጋው፦ እግዚኦ! እሷስ አዳማ ልጃችን ጋ ናት። ደውዬ «አልሞትኩም» ብላት፣ «አውቃለሁ፤ እኔን ሳታስፈቅድ የት ትሄዳለህ?» አለችኝ።

ወይንሸት፦ እንግዲህ እርስዎም ለእኔ ይፍቀዱልኛ።

ጋሽ ዘርጋው፦ አንቺ ልጅ፣ ይሄን ተንኮልም በነጻ ነው የሚያስተምሩት?

ወይንሸት፦ በነጻ የተማርኩት ኮዲንጉን ነው። ተንኮሉን ከእድር ስብሰባ ነው ያገኘሁት።

ጋሽ ዘርጋው፦ መጋረጃውን ገለጥ አድርጊው እስኪ። ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው?

ወይንሸት፦ የቀረ የለም። ከወንዝ ማዶ ያሉት፣ ጥሩምባ ደርሷቸው የማያውቁት እንኳ መጥተዋል።

ጋሽ ዘርጋው፦ ያ ገዛኸኝ አይደለም? በየስብሰባው «ዳኝነቱን ይልቀቅ» የሚለኝ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! ወንበሬን ሊለካ ነው የመጣው።

ወይንሸት፦ ኧረ ተዉ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረታቸውን ሊመቱ ነው። «እንደ ዘርጋው ያለ ዳኛ ከየት ይገኛል!» እያሉ ነው፣ ይስሙ።

ጋሽ ዘርጋው፦ እንዲህ ነው ያለው? በአፉ?

ወይንሸት፦ በአፋቸው።

ጋሽ ዘርጋው፦ በቃ፣ ማሽንሽን ፈቅጃለሁ። እሁድ ለጉባኤው ራሴ እነግርልሻለሁ። «ዘርጋው በሕይወት አለ» ብለሽ ጻፊ።

ወይንሸት፦ ጽፌዋለሁ። ልላከው?

ጋሽ ዘርጋው፦ ምን አጣደፈሽ? ለዘጠኝ ሰዓት ቅጠሪው፣ በአበሻ! ገዛኸኝ ገና ማልቀስ መጀመሩ ነው።