ፈረሱ ወደ ቤት በእርምጃ ይግባ

ጋሼ ሽምጥ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ ፈረስ ላይ የተወለዱ ነበር የሚመስሉት። ዛሬ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ከዳማው ፈረሳቸው ጀርባ እንደተጣበቁ ቆሌያቸው ተገፏል። ከድልድዩ ማዶ አንድ አናጺ የጣራ ቆርቆሮ ይመታል። በመታ ቁጥር ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ ወደ ጎን ይረግጣል፤ እሳቸውም የልጓሙን ዛብ በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው ይስባሉ። በሳቡ ቁጥር ደግሞ ፈረሱ ይብስበታል። ከበታች ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። አይ መከራ!

"አባባ፣ እጅዎን ያላሉት!" አለ አንድ ሰው ከመንገዱ ዳር።

የተናገረው ቦርሳውን በትከሻው ያንጠለጠለ ወጣት የከብት ሐኪም ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሰፈሩ ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም፤ የታመመች ላም ሊያይ እየሄደ ነበር።

"አላልቼ ወንዝ ልግባልህ?" ሲሉ ጮኹበት።

"አይገቡም። ወደፊት አይግፉት፣ ወደኋላም አይጎትቱት። አንዱን ዛብ ብቻ ወደ ጉልበትዎ ሳብ አድርገው በሰፊው ያዙሩት። ከዚያ ይቁምና ቆርቆሮውን ይየው።"

ሰውዬው ምርጫ አልነበራቸውም፤ አዞሩት። ፈረሱ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ቆመ። አናጺው ሲመታ ደንገጥ አለ፤ ግን አልሸሸም። ጥቂት ቆይቶ በረጅሙ አናፋና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ጋሼ ሽምጥም ወረዱ። ኮርቻውን ተደግፈውም ቆሙ።

"ታላቅ ሰው ስላዘዝኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ወጣቱ።

"እግዜር ይስጥህ እንጂ ምን ይቅርታ ያሻል። ለራሴ ፈርቼ እንዳይመስልህ ልጄ። እኔማ የበላሁትን በልቻለሁ። ነገ እዚህ ላይ የምትቀመጠው ልጄ ናት።"

ነገሩ ይህ ነው። ልጃቸው አዋላጅ ናት። ከኮረብታው ማዶ መኪና አይደርስም፤ እዚያ ምጥ የያዛት ሴት ተስፋዋ ይህች አዋላጅና ይህ ፈረስ ናቸው። በቅርቡ ፈረሱ ይዟት ጋልቦ ከአጥር ጋር አላትሞ ጥሏታል። ትከሻዋ አሁን ገና ነው የዳነላት። ነገ ቀኗ የደረሰ እናት አለችና ቀሪ አይደለችም። አባትየው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልዋጥ ብሏቸዋል። አንድ ልጅ ናታ!

"ታዲያ ዛሬ ምን ሊያደርጉ ወጡ?" አለ ሐኪሙ አብሯቸው እየተራመደ።

"በጠንካራ እጅ ላርመው ነዋ። ጋጣው ውስጥ አስሬ ሰንብቼ፣ ገብሱን አጥግቤ፣ ጉልበት ሲኖረው አወጣሁት። ዛቡን ጠበቅ አድርገህ ካልያዝከው ፈረስ ይንቅሃል። አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ።"

"እስቲ አባባ፣ እርስዎን አጥግበው ክፍል ውስጥ ቆልፈው ቢያሰነብቱዎና ድንገት ገበያ መሃል ቢያወጡዎ ምን ይሆናሉ?"

ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ሳቁ። "ሰው እደበድባለሁ!"

"እሱም ያው ነው። ከጋጣው በየቀኑ ይውጣ፣ ይንጎራደድ፤ ገብሱን ቀንሰው ድርቆሹን ያብዙለት። ዛቡን በተመለከተ፣ ቅድም ትንፋሽዎን ይዘው ነበር፤ እግርዎም ጎኑን ጨምቆታል። ፈረስ ምን እንዳስፈራዎ አያውቅም፤ መፍራትዎን ግን ያውቃል። ጌታዬ ይህን ያህል ከፈራ አውሬ መጥቷል ማለት ነው ይላል።"

"ታዲያ ፍርሃት በትእዛዝ ይቀራል? ትምህርት ቤት እሱንም አስተማሩህ?" አሉ ጋሼ ሽምጥ ኮስተር ብለው። ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። ብዙ ምሁር እዚህ ላይ ይወላገዳል።

"አይቀርም" አለ ወጣቱ። "እኔም በሬ በቀረብኩ ቁጥር እፈራለሁ። እጅን ማላላት ግን ይቻላል። ትንፋሽን በረጅሙ ማውጣት፣ ለፈረሱ በቀስታ ማውራት ይቻላል። ሲደነብር እንደ ቅድሙ ያዙሩት እንጂ ፊት ለፊት አይታገሉት። ለመሆኑ ልጅዎን የጣላት ስትሄድ ነው ስትመለስ?"

"ስትመለስ። ከመታጠፊያው ጀምሮ እንደ እብድ በረረ አለች።"

"ለምን ከመታጠፊያው?"

ጋሼ ሽምጥ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። "እኛ ሰፈር ፈረሰኛ ከመታጠፊያው ጀምሮ በሽምጥ ነው የሚገባው። ፀጉር አስተካካዩ ደጅ የተቀመጠው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚገባ፤ እኔም ይህን ዳማ ስገዛው መጀመሪያ ያስለመድኩት..."

ንግግሩ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

"እኔ ነኝ የጣልኳት በለኝ እንጂ!" ብለው ድንገት ደነፉ።

"እንዲያ አልወጣኝም፣ አባባ።"

"አፍህ ባይለው ልብህ ብሎታል!" ተቆጥተው ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ቁጣው በወጣቱ ላይ እንዳልነበረ መቼም ለማንም ግልጽ ነው።

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያስለመዱትን ማስረሳት ይችላሉ። ከመታጠፊያው በፊት ይውረዱና እየመሩት ይግቡ። ከቸኮለ ያዙሩት፤ ሲረጋጋ ይቀጥሉ። ወደ ቤት መሄድ ሩጫ እንዳልሆነ ይወቅ።"

"ሰው ምን ይላል? ወይ ፈረሱ ታሟል፣ ወይ ጋሼ ሽምጥ አርጅቷል ነው የሚለው።"

"ይበል። ሰፈሩ በእርስዎ ቢስቅና ለልጅዎ ለቅሶ ቢቀመጥ የቱ ይሻልዎታል?"

ይህ ቃል ከባድ ነበር፤ ወጣቱም ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። ሽማግሌው ግን ፈረሱን እየመሩ ቀጠሉ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ መቁነጥነጥ ጀመረ። አዞሩት። ደግሞ ቸኮለ፤ ደግሞ አዞሩት። ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ሲደርሱ አንዱ "ጋሼ፣ ዛሬ ፈረሱ ነው የሚጋልብዎ?" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ሆኖም ጥርሳቸውን ነክሰው አለፉ፤ ሐኪሙ ወደ ታመመችው ላም ከሄደም በኋላ ተመልሰው ያንኑ መንገድ እስኪመሽ ድረስ ተመላለሱበት።

በማግስቱ ልጅቱ ኮርቻ ላይ ስትወጣ አባትየው የተማሩትን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት፤ ዛቡን ግን ለመልቀቅ አቃታቸው።

"አባዬ፣ ይልቀቁት እንጂ" አለች።

ለቀቁት። ሄደች።

የዚያን ቀን ጭንቀታቸው አይነሳ። ኮቴ በተሰማ ቁጥር ይነሳሉ፤ የሰው አጋሰስ ይሆናል። ፈረሱ ባዶውን ሲመጣ በዓይነ ሕሊናቸው እያዩ ላብ አጠመቃቸው። ተቀምጦ መጠበቅ ሲያቅታቸው ወጥተው ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ቆሙ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፈረሱ ብቅ አለ። ልጅቱ ከመታጠፊያው ወዲያ ወርዳ ዛቡን አላልታ ትመራዋለች። ከተቀመጡት አንዱ እንደ ልማዱ ሊያፏጭ ጣቱን ወደ አፉ አነሳ።

"ተው!" አሉ ጋሼ ሽምጥ ክንዱን ለቀም አድርገው። "ከሱ ጋር ያለችው ልጄ ናት።"

ሰውየው እጁን አወረደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር የሚጋልብ ሁሉ ወደ ቤት በእርምጃ መግባት ጀመረ፤ ጥቅሙም ታየ። መንገድ ዳር የሚጫወት ሕፃን አይረገጥም፤ ፈረስ በላብ ተነክሮ ጋጣ ገብቶ አይታመምም፤ የሚጋልበውም በሰላም ይገባል። ጭብጨባ ቀረ። የጎደለበት ሰው ግን አልታየም።

ያን ዕለት ልጅቱ ደርሳ ዛቡን ለአባቷ አቀበለች።

"በሰዓቱ ደረስኩ፣ አባዬ። እናትየዋም ልጇም ደህና ናቸው። ድልድዩ ላይ ደነበረ፤ እንዳሉኝ አዞርኩት።" ከዚያ የቆሙበትን ደጅ አየች። "ምነው ቤት አልጠበቁኝም?"

"ፈርቼ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እፈራለሁ፤ ነገም እፈራለሁ" አሉ። "ዛቡን ግን አልጎትትም።"