ባለቤቱ የቆለፈው ክፍል

ሰው አጥር ለአጥር የኖረውን ጎረቤቱን በደንብ የሚያውቀው አብሮት መንገድ የወጣ ቀን ነው። እኔና ጎረቤቴ አናጺው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድንገት ስንገናኝ፣ ሁለታችንም ወደ አንድ ሩቅ ከተማ መሄዳችንን አናውቅም ነበር። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ የምሄደውም ልጄን ልጠይቅ ነው። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ተቀምጠዋል።

"ምነው ወንድሜ፣ በደህና ነው?" አልኳቸው።

"ቤቴን ልሸጥ ነው መምህር" አሉኝ።

ደነገጥኩ። አናጺው ልጅ የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን በመጋዝና በመላጊያ ያፈሩትን ጥሪት አሟጠው የገዙት ያንን ቤት ነው። በእኛ ከተማ ማድ ቤት እንኳ የማይገዛ ገንዘብ፣ እዚያ ሩቅ አገር፣ ሆስፒታል አጠገብ፣ ባለ አራት ክፍል ቤት ገዛላቸው፤ ጣሪያውንም ራሳቸው አዲስ አድርገው መቱት። የእርጅና ጧሪያቸው ኪራዩ ነው። አሁን ተከራይዋ አዋላጅ ነርስ፣ "ቤቱ ልጆቼን አሳመመብኝ፣ እለቃለሁ" ብላ ደውላለች። ደላላው ደግሞ በርካሽ የሚገዛ ሰው አግኝቶ ይጠብቃቸዋል።

"አጎቴ፣ ቤት ሲታመም ይታከማል እንጂ ይሸጣል?" አለች አጠገባቸው የተቀመጠችው የእህታቸው ልጅ። ተምራ የሌላ ሰው ሕንፃ የሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። እሳቸው "የግድግዳ ሞግዚት" እያሉ ይቀልዱባታል።

"አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነው ነገሩ" አሏት። "ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ሄጄ አላየሁትም። ያላዩት ቤት የሌላ ሰው ቤት ነው።"

አውቶቡሱ ውስጥ ሦስታችንም ጎን ለጎን ተቀመጥን። አናጺው ከሸሚዛቸው ሥር በገመድ የታሰረ ቁልፍ አውጥተው አሳዩኝ።

"ሦስቱን ክፍል ነው ያከራየሁት። ትልቁን ቆልፌዋለሁ። በገዛ ቤቱ አንድ ክፍል የሌለው ሰው ባለቤት ይባላል? ያን በር የነካ በዚያው ቀን ቤቴን ይልቀቅ ብያለሁ። ደፉ ላይም ሰጋቱራ በትኜበታለሁ፤ የገባ ቢኖር ዱካው ይታያል።"

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አልኩ ራሴን እየነቀነቅኩ። ሽማግሌ ሲናገር ሽማግሌ መደገፉ የቆየ ልማድ ነው።

ልጅቷ ፈገግ አለች። "እርስዎ ሰው ይነካዋል ብለው ይሰጋሉ አጎቴ። እኔ ደግሞ የምሰጋው ማንም ስላልነካው ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያያል?"

"እኔ የመታሁት ጣሪያ አያፈስም!"

"ሚስማር የመቺውን ስም አያውቅም እኮ።"

አናጺው ወደ እኔ ዞሩ። "ሰሙ መምህር? ለዚህ ነው ያስተማርናት?"

"ይቆጡኝ፣ ግን ይስሙኝ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሰውን ካመኑት ቁልፉን ይስጡት፤ ካላመኑት ደግሞ አያከራዩት። የጽሑፍ ውል ይኑራችሁ። እዚያው አካባቢ የሚኖር ተወካይ በደመወዝ ይቅጠሩ፤ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ይውጣ። ተከራይዋም የተበላሸ ነገር ስታይ ሳትፈራ ትንገርዎት።"

"ዘመድ ሞልቶ ለባዕድ ደመወዝ?"

"ዘመድ በነፃ ያያል፤ በነፃ የሚያይ ደግሞ የሚያየው ሲመቸው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል የሚባለው?"

አናጺው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጎረቤቴን ስለማከብር ዋጥኩት። እስክንደርስ ድረስ ቁልፉን ጨብጠው ነበር።

ልጄ ቢጠብቀኝ ግድ የለም ብዬ ተከተልኳቸው። አዋላጇ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ከፈተችልን። ከጓዳ የሕፃን ሳል ይሰማል። የመተላለፊያው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ትከሻዬ ጠቁሯል፤ መዳፌን ባስደግፈው ረጠበ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የተቆለፈው ክፍል ነው።

ቁልፉ ዞረ፤ በሩ ግን አልከፈት አለ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። አናጺው በትከሻቸው ገፉት፣ እምቢ አለ። ተጋግዘን ገፋነው።

ደፉ ላይ ሰጋቱራው እንደተበተነ አለ። አንድም ዱካ የለበትም። ግን ረጥቦ ተጓጉሏል፣ ሻግቷል። ኮርኒሱ ተንጋዶ ወርዶ፣ ለባለቤቱ የተዘረጋው ፍራሽ ውሃ ይዟል። አናጺው ጉልበታቸውን እያስታመሙ ወንበር ላይ ወጡና የጣሪያውን ተሸካሚ እንጨት በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ጣታቸው ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ ገባ።

"በእጄ የመረጥኩት እንጨት!" አሉና ወርደው ተቀመጡ።

"ሲንጠባጠብ እንሰማ ነበር አባባ" አለች አዋላጇ። "በሩን የነካ ይልቀቅ ስላሉ ፈራን። ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን።"

ዝምታው እውነትም አልነቀዘም፤ የነቀዘው ጣሪያው ነው።

አናጺው ሰጋቱራውን አተኩረው አዩት። ከጓዳ እንደገና ሳሉ ተሰማ። በዚያች ቅጽበት ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።

"ሌባ በበር ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ዝናቡ በላይ ገባ" አሉ። "የልጆችሽን ደረት ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልጄ።" ከዚያ ገመዱን ከአንገታቸው አውልቀው ቁልፉን በመዳፏ አስቀመጡላት።

ይህን ጊዜ ደላላው ደጁን አንኳኳ። "ገዢውን ይዤዋለሁ፣ መኪና ውስጥ ነው!"

አናጺው ብድግ አሉ። "የሚሸጥ ቤት የለም! የሚጠገን ቤት ነው ያለው። ጥሩ አናጺ የምታውቅ ከሆነ እሱን አምጣልኝ!"

እኔ ሽማግሌው ሰውዬ በደስታ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ልጅቷ አጎቷን አቅፋ ሳመቻቸው። "አንቺ የግድግዳ ሞግዚት" አሏት፣ "ውል የምትዪውን ነገር ጻፊው እስቲ።"

ጻፈችው። ከጎን የሚኖረው የቧንቧ ሠራተኛ በደመወዝ ተወካይ ሆነ። ጣሪያው ተገልጦ እንጨቱ ተቀየረ፤ አናጺው ከታች ወንበር ላይ ሆነው ሠራተኛውን በትእዛዝ አስጨነቁት። አዋላጇ መልቀቋን ትታ አራቱንም ክፍል ተከራየች። ክረምቱ መጥቶ ሲያልፍ ግድግዳው ደረቅ፣ የልጆቹም ደረት ጤነኛ ነበር። የተጨመረው ኪራይ ለተወካዩ ተከፍሎም ስለተረፈ አናጺው ጉልበታቸውን ታከሙበት። እንቅልፋቸውም ተመለሰ፤ ሌሊት ሌሊት አጥሩን ተሻግሮ የሚሰማኝ ማንኮራፋታቸው ምስክር ነው።

በሩቅ አገር ቤት ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን የሚጠብቅልህ አንገትህ ላይ ያለው ቁልፍ አይደለም። እዚያ የሚኖረውና ችግሩን ሳይፈራ የሚነግርህ ሰው ነው። ይህን ከአስተማሪነቴ ሳይሆን ከአንድ አናጺ ጋር ተሳፍሬ ተማርኩት።

በዓመቱ እንደገና አብረን ሄድን፤ አናጺው ለአዋላጇ አስቀድመው ደውለው ነበር። ደጁ ጋ ስንደርስ የአናጺው እጅ በልማድ ወደ አንገታቸው ሄደና ባዶውን ተመለሰ። ሳቅ አሉና አንኳኩ።

"ማነው?" አለ ከውስጥ የልጅ ድምፅ።

አናጺው አንዴ አዩኝ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጮክ ብለው "እንግዳ ነኝ!" አሉ።

ቤቱ በሩጫና በሳቅ ተሞላ። በትልቁ ክፍል ንጹሕ አልጋ ተነጥፎላቸው፣ መስኮቱ ተከፍቶ ጠበቃቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ባለቤት ሆኜ ስመጣ አንድም ቀን እንዲህ የተደሰተብኝ ሰው አልነበረም" አሉኝ።