የግራዝማች ታፈረ ትከሻ

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በገበያ ቀን፣ ግራዝማች ታፈረ ከአርብ ገበያ ሲመለሱ የኮርቻቸው ማሰሪያ ከዳገቱ ሥር ተበጠሰና ከነኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራተው ወረዱ። ሲወድቁ ምንም አልሆኑም። ችግሩ የመጣው ለመነሣት ሲሞክሩ ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። አሽከራቸው ጭነቱን ይዞ ቀድሟል። በቅሎዋም ጌታዋን እያየች ሣሯን ትነጫለች። ግራዝማች እንደ ምንም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማዕረጋቸውን ያስታምሙ ጀመር።

በዚህ መካከል የደብሩ የአቋቋም መምህር መሪጌታ ቀለመ ወርቅ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ደረሱ። መሪጌታ በዕድሜ ግራዝማችን ይበልጧቸዋል፤ አካሄዳቸውን ያየ ግን ታናሽ ወንድማቸው ናቸው ይላል። ግራዝማች ይህን አዩና ሰላምታውን ከመመለሳቸው በፊት ቀኑባቸው።

ስለዚህ ቅናት አስቀድሞ መናገር ይገባል። ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም። ጃንሆይ ከስደት ከተመለሱ በኋላ ስለ አርበኝነታቸው ማዕረጉ ሲሰጣቸው አገሩ ሁሉ «ሹመት ያዳብር!» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ከወንበርና ከበቅሎ አልወረዱም። በአካባቢው ልማድ ሹመኛ ደቦ አይወጣም፤ እስክስታ አይመታም፤ ሚስቱም ሰው ፊት ትከሻዋን አትሰብቅም። ስለዚህ ሚስታቸውን ብርነሽንም አብረዋቸው አስቀመጧት። ጎረቤታቸው ባዩ ግን ሹመት የለውም። አብሮ አደጋቸው ነው፤ ካቻምና ሚስቱ ጌጤ ሞታበታለች። ያም ሆኖ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ ወገቡን ያፍታታል፤ አውድማ ላይ በሬዎቹን እየዘፈነ ሲያዞርም ትከሻው ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ግራዝማች ከደጃቸው ብቅ ሲሉ ብርነሽ ለልጃቸው ለሐረገ ወይን ሠርግ ቅቤ ለማጠራቀም ወተት ስትንጥ አዩዋት። ቅሉን የምትንጠው በባዩ ዘፈን ነበር። ያ ስንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ትከሻዋ ከአውድማው ዜማ ጋር ወረድ ቀና ይላል። ግራዝማችን ቅናት አንገበገባቸው። ሚስት የሞተችበት ጎረቤት ይዘፍናል፣ የእኔ ሚስት ትመልሳለች አሉ በልባቸው። ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። በማግስቱ ቅሉ ጓዳ እንዲገባ፣ የጓዳውም በር እንዲዘጋ አዘዙ።

ብርነሽ አልጮኸችም። «እንግዲያው በልጄ ሠርግ ቀን እስቴ አገር፣ ወንድሜ ቤት ነኝ። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ እንደ ግንድ ተጎልቼ አልታይም» ብላ ልብሷን መቋጠር ጀመረች። የሙሽራ እናት የሌለችበት ሠርግ ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነ ጋይንት ላደገ ሰው መንገር አያሻም። ግራዝማች ገበያ የዋሉት ለመገበያየት ሳይሆን ያን ቋጠሮ ላለማየት ነበር።

«መሪጌታ» አሉ ግራዝማች ከሰላምታው በኋላ፣ «ይህ ባዩ በዚህ ዕድሜው ሲወዛወዝ መዋሉ ነውር አይደለም? ቢገሥጹት ምናለበት?»

መሪጌታ አጠገባቸው ተቀመጡ። «ነውሩ የቱ ላይ ነው፣ ግራዝማች? ትከሻው ላይ ነው ወይስ ዘፈኑ ላይ?»

«ሁለቱም ላይ!»

«ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው። የተወቀሰው ማን ነው? ዳዊት ነው ወይስ እሷ?»

«እሷ ናት፤ ይህን መቼ አጣሁት። ነገር ግን ዳዊት የዘለለው ለእግዚአብሔር ነው። ባዩ የሚዘለው ለገብሱ ነው!»

«ገብሱንስ ማን ሰጠው?»

ግራዝማች የዝንብ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። መሪጌታ ይህን አይተው ፈገግ አሉ።

«መሪጌታ፣ ሹመት ክብር አለው። ሹመኛ ከወንበሩ ተነሥቶ ከተወዛወዘ ማን ይፈራዋል?»

«ወንበሩስ ተከብሯል። ሹመቱን የተቀበሉት ግን አንቱ ነዎት እንጂ ጉልበትዎ አይደለም። እሱ እስከ ዛሬም ገበሬ ነው። ሲቆፍር፣ ሲወቃ፣ ሲጨፍር ኖሮ ድንገት ተቀመጥ ቢሉት ምን ያድርግ? ማረሻ እንኳ ሥራ ሲፈታ ይዝጋል።»

«ለእናንተ ለሊቃውንትስ ቀላል ነው። ማኅሌት እየቆማችሁ ትወዛወዛላችሁ፤ የሚስቅባችሁም የለም።»

«ያየን ሁሉ መወዛወዝ ብቻ ይመስለዋል» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። «ዝማሜ የልብ ሥራ ነው። መቋሚያው ከመሄዱ በፊት ልብ መሄድ አለበት። ልቡ ገበያ የወጣ ደብተራ በአፉ አያስታውቅም፤ መቋሚያው ከጎረቤቱ መቋሚያ ጋር ሲጋጭ ያን ጊዜ ይታወቅበታል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ አስቀድሜ የማስተምረው እጅ ማንሣትን አይደለም። እጅህ የት እንዳለ እወቅ እላቸዋለሁ። እንዲህ የለመደ ሰው ማኅሌት ቢቆም፣ አውድማ ቢወርድ፣ ወተትም ቢንጥ አካሉና ሐሳቡ በአንድ ቀንበር ተጠምደው ይውላሉ።»

«ወተት?» አሉ ግራዝማች ደንግጠው። «ስለ ወተቱ ማን ነገረዎት?»

«ስለ የቱ ወተት?»

ግራዝማች ከዚህ በኋላ ሊደብቁት አልቻሉም። ቅሉን፣ ዘፈኑን፣ የተዘጋውን በር፣ የተቋጠረውን ልብስ አንድ በአንድ ዘረገፉት። «ቅናት ነው፤ አልክድም» አሉ በመጨረሻ። «በእሱ ጉልበት እቀናለሁ፤ በሣቁ እቀናለሁ። አሁን ደግሞ በሚስቴ ትከሻ ቀናሁ።»

«ጠየቋት?»

«ሹመኛ ሚስቱን ይጠይቃል?»

«ሹመኛ ሙግት ሲሰማ አንዱን ወገን ሳይጠይቅ ይፈርዳል?»

ግራዝማች ብዙ ሰው አስታርቀዋል፤ ብዙም ፈርደዋል። እንዲህ ያለ ፍርድ ሌላ ዳኛ ቢፈርደው ኖሮ ይግባኝ በሉበት ባይ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አቀርቅረው «አይፈርድም» አሉ።

«በሉ ይነሡ። በቅሎዋን እየሳብን በእግር እንሂድ። አንድ ነገር ብቻ ይሞክሩልኝ፤ እግርዎ መሬት ሲነካ ይወቁት፤ ትንፋሽዎንም አያሯሩጡት።»

ግራዝማች የመጀመሪያውን ዳገት እያማረሩ ወጡ። ሁለተኛው ላይ ማማረሩን ተዉት፤ እግራቸውን ሲከታተሉ ጊዜ አጡ። ከመንደሩ ዳር ሲደርሱ የባዩ ዘፈን ከአውድማው ተሰማ። ቅናቱ ቆንጠጥ አደረጋቸው፤ እግራቸው ግን ሳያስፈቅዳቸው ከዜማው ጋር መርገጥ ጀመረ። ዘፈኑን የሆነ ቦታ የሚያውቁት መሰላቸው።

ቤት ሲገቡ ብርነሽ ቋጠሮዋን አስራ ጨርሳለች። ግራዝማች ወንበራቸውን አልፈው መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። «ብርነሽ፣ ልጠይቅሽ። ባዩ ሲዘፍን ትከሻሽ የሚሄደው ለማን ነው?»

ብርነሽ ትኩር ብላ አየቻቸው። «በሩን ያስዘጉት ለዚህ ኖሯል?»

«ለዚህ ነው።»

«ዘፈኑን አላወቁትም?»

«የሰማሁት መስሎኝ ነበር።»

«ይስሙኝማ! እስቴ፣ አባቴ አውድማ ለደቦ ሲመጡ አንቱ ያወጡት የነበረ ዘፈን ነው። ባዩ ያን ጊዜ ተቀባይዎ ነበር። እኔ እህል እያቀበልኩ ያየሁት እሱን አልነበረም። ማንን እንዳገባሁ ያውቃሉ። አንቱ ዘፈኑን ሲጥሉት ባዩ አነሣው፤ እኔማ በሱ ድምፅ አንቱን ነበር የምሰማ።»

የግራዝማች ዓይን እንባ አቀረረ። ስንት ሌሊት የቀኑበት ሰው የገዛ ወጣትነታቸው ሆኖ ተገኘ። ተነሥተው ቅሉን ራሳቸው ከጓዳ አወጡና ደጅ አስቀመጡት። የሹመኛ እጅ ቅል ሲሸከም አሽከሮቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ጥር ገባ፤ ጥምቀት አለፈ፤ ሐረገ ወይንም ተዳረች። ዳሱ ሞልቶ፣ ባዩ ዘፈኑን አውጥቶ ሳለ ግራዝማች ከወንበራቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ ሊናገሩ ነው ብሎ ጸጥ አለ። እሳቸው ግን ጭራቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ብርነሽ ፊት ቆሙ። ቀኝ ትከሻቸው ታዘዘ፤ ግራው አሻፈረኝ አለ። ብርነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሣቀች። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ መለሰችላቸው፤ ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። ግራው ትከሻም ሀፍረት ይዞት ነው መሰል ቀስ በቀስ ተከተለ።

ሲያርፉ ባዩ ላቡን እየጠረገ መጣ። ሹመቱ ከመጣ ወዲህ ግራዝማችን አንቱ ሲል ነው የኖረው፤ ያን ቀን ግን «ታፈረ» አለ። «ልንገርህ? በዚህ አገር እንዳንተ የምቀናበት ሰው የለም።»

«በእኔ? በሹመቴ ነው?»

«ሹመትህን ውሰደው። እኔ ትከሻዬን ሳወርድ የምትመልስልኝ ጌጤ የለችም። የምወዛወዘው ቤቱ ጸጥ ሲል ስለምፈራ ነው። ያንተዋ ግን ፊት ለፊትህ ተቀምጣ ስንት ዘመን ጠበቀችህ፤ አንተ ደግሞ ወንበር ትጠብቃለህ።»

ግራዝማች እጁን ያዙና ወደ መካከል መልሰው አስገቡት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አገሩ ያውቀዋል። ግራዝማች ጧት ሲሰግዱ ጉልበታቸው ሲታጠፍም ሲዘረጋም እያወቁት ነው፤ ዳገት ላይ ከበቅሎ ይወርዳሉ፤ ሙግት ሲከር ባላጋራዎቹን አስነሥተው ከአጥሩ እስከ አጥሩ ያንሸራሽሯቸዋል፤ ብዙውም ነገር እዚያው ይበርዳል። እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ቁጣቸው ቀነሰ። ክብራቸውስ? አንድ ስንዝር አልጎደለም። ሰው የሚከበረው በመጎለት ቢሆን ኖሮ ከድንጋይ የሚበልጥ ሹመኛ ባልተገኘም ነበር። ገላውን ከሐሳቡ ጋር የሚያንቀሳቅስ ሰው ለቅናት የሚተርፍ ጊዜ ያንሰዋል።

ቅሉም እስከ ዛሬ ደጅ ነው የሚናጠው። ብርነሽ ስትንጥ ዘፈኑን የሚያወጡት ግራዝማች ናቸው፤ ባዩም ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ይቀበላል።