እታለምና የማይንቀሳቀሰው አዞ

እስቲ አንዴ ጆሯችሁን አውሱኝ። እኔ በር ላይ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ስንት ናችሁ?» እና «ቀጣይ!» ከማለት ውጪ ንግግር አልለመድኩም። አለቃችን «እታለም ጡረታ ስትወጣ ንግግር አድርገህ የምትሸኛት አንተ ነህ» ሲለኝ «ለምን እኔ?» አልኩት። «መጀመሪያ ያስገባሃት አንተ ነሃ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ያስከፈልኳትም እኔ ነኝ።

ሳቁ እንጂ! እታለም እዚህ መካነ አራዊት ሥራ የጀመረች ቀን ትኬት ቆርጣ ነው የገባችው። ቦርሳዋን ብብቷ ስር ሸጉጣ መጣችና «ወንድሜ፣ እዚህ ተቀጥሬ ነው፤ ልግባ» አለችኝ። ያኔ እኔም አዲስ ነበርኩ፤ አዲስ በረኛ ደግሞ ከባለቤቱ ይብሳል። «እህቴ፣ በዚህ በር «ተቀጥሬ ነው» የማይለኝ የለም። ትላንት አንዱ የዝሆኑ አጎት ነኝ ብሎኝ ነበር» አልኳት። አልተከራከረችም፤ ከፍላ ገባች። ማታ ስትወጣ መስኮቴ ጋ ቆም ብላ «ነገም እከፍላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በቅን ልቦና! እኔም ግራ ገባኝና «እስቲ አጣርቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ውስጥ የገጠማት ደግሞ ይብሳል። እሷ ወፎቹ ጋ እመደባለሁ ብላ ነበር የመጣችው። የያኔው አለቃ ወስዶ ገንዳው አጠገብ አቆማትና «ካንቺ ጋር የሚውለው ይሄ ነው» አላት። አየችው፣ አየችውና «እሺ፣ ይሄ ምስሉ ነው፤ አዞውስ የት ነው?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ አዞውን መመገብ ብቻ አልነበረም፤ አዞ መሆኑን ማስረዳትም ጭምር ነበር። የኛን አዞ ታውቁታላችሁ። አፉን ከከፈተ ከፍቶ ይውላል፣ ከዘጋም ዘግቶ ይከርማል። ሰው አጥሩ ጋ ይመጣል፣ ያያል፣ «ፕላስቲክ ነው!» ይላል፣ ይሄዳል። እሷ መጥረጊያዋን ተደግፋ «ፕላስቲክ አይደለም» ትላለች። ሌላው ይመጣል፤ «ፕላስቲክ ነው!» «ፕላስቲክ አይደለም።» አንድ አባወራ ልጆቹን ደርድሮ «ታዲያ ለምንድነው የማይንቀሳቀሰው?» ብሎ አፈጠጠባት። «አንተ በእረፍት ቀንህ ስንቴ ትንቀሳቀሳለህ?» አለችው። ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አጥሩን ይዛ ቀረች።

የእታለምን ነገር መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ግቢውን በሙሉ «ቁልፌን ያየ?» እያለች ታስሳለች። ምሳዋን የምትበላው ለጎብኚው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ገንዳው አዙራ ነው። «ሰው ሲበላ ማየት ነውር ነው» ትላለች። እሷ ግን አዞው ሲበላ ቆማ ታየዋለች!

ጋሼን ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። እኛ ጋሼ የምንለው ባለቤቷን፣ እዚህ አጠገቧ የተቀመጡትን ነው። እታለም ከአንድ ሐኪም ጋር በስልክ ስታወራ እንሰማለን። «ዶክተር፣ ጋሼ ሰሞኑን ምንም አልቀመሰም።» ሐኪሙ የመለሰላትን ደግሞ ዞር ብላ ትነግረናለች፤ «ተይው፣ ሲርበው ይበላል አለኝ።» እኛ «ምን ዓይነት ጨካኝ ሐኪም ነው!» እንላለን። በማግስቱ «ጋሼን በመጥረጊያው እንጨት ነካ ባደርገው ዞርም አላለ» ትላለች። በቃ፣ ሰውዬው አልቆላቸዋል ብለን ብርቱካን ገዝተን፣ ፊታችንን አጨፍግገን ቤቷ ሄድን። በሩን የከፈቱልን ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ መዶሻ በእጃቸው፣ ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው።

«እግዜር ይማርዎት ጋሼ» አልናቸው።

«ማንን?»

«እርስዎን ነዋ!»

«ምን ሆኜ?»

እታለም ከጓዳ ሰምታ እየሮጠች ወጣች። «ውይ! እኔ ጋሼ የምለው እኮ ገንዳ ውስጥ ያለውን ነው!»

ሰውዬው ሚስማሩን ከአፋቸው አውጥተው «እና እኔ ማነኝ?» አሉ። መልሱን እስከ ዛሬ የሰጣቸው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ራሴ እስካሁን በደንብ ያልገባኝ ነገር ነው፤ እንደገባኝ መጠን እነግራችኋለሁ።

ገንዳው የተሰነጠቀ ጊዜ ትዝ ይላችኋል። ውሃው ሌሊቱን ሰርጎ አለቀና አዞውን ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ማቆያ አዛወሩት። ፀሐይ የማያገኛት፣ ከሲሚንቶ የተሠራች ክፍል ናት። አለቃችን ጎብኚ እንዳያዝን ብሎ ከልጆች መጫወቻ ቦታ አንድ የፕላስቲክ አዞ ተውሶ ገንዳው ዳር አስቀመጠ። አለቃዬ፣ አንገትህን አትድፋ፤ በወዳጅነት ነው የማወራው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው ወደደው! መውጫው ላይ መስኮቴ ጋ እየቆሙ «አዞው ግሩም ነው» ይሉኛል። አንዷ «ዓይኑን ጠቀሰኝ» አለችኝ። አንዱ «ጅራቱን ሲያወዛውዝ በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ብሎ ማለልኝ። እታለም መጥረጊያዋን ይዛ አጥሩ ጋ ቆማለች። «ፕላስቲክ ነው» ትላቸዋለች። «ሂጂ ወዲያ! ሲተነፍስ እያየነው!» ይሏታል። ይታያችሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን «ፕላስቲክ አይደለም» ስትል ያላመናት ሕዝብ፣ አሁን «ፕላስቲክ ነው» ስትልም አላመናትም። አንድ ቀን መስኮቴ ጋ መጥታ «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ወይስ ሰዉ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ራሴ ጠዋት ሳልፍ «ደህና አደርክ?» ብዬው ነበር። ፕላስቲኩን!

ገንዳው ተጠገነ፤ አዞው ግን አልተመለሰም። ማን ቸኮለ? ጎብኚው አልጠየቀ፣ ፕላስቲኩ ሥጋ አይበላ፣ አይታመም። «እናስብበት» ተባለ። ከኋላ ያለው ጋሼ ግን ምግብ እንቢ አለ፤ የዚህ ጊዜው የምር ነበር። ያ ዶክተርም፣ የእንስሳቱ ሐኪም ማለቴ ነው፣ «ሲርበው ይበላል» ማለቱን ተወ።

በዚያው ሰሞን እነዚያ የአራዊት አፍቃሪዎች መጡ። ከአገር አገር አራዊት ለማየት ብቻ የሚዞሩ፣ ክንድ የሚያህል ካሜራ ያንጠለጠሉ ሰዎች ናቸው። እታለም ፊቷ በራ። «እነዚህ የሚያውቁ ናቸው፤ ይፈርዱልኛል» አለች። የአንበሳው ጠባቂም ፀጉሩን አበጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። አንበሳውን ዞር ብለውም ሳያዩ አለፉት! «አንበሳ የትም አንበሳ ነው፤ ተኝቶ ነው የሚውለው» አሉ። ጉማሬው «የውሃ ላይ ጀርባ» ተባለ። ባለ ረጅም ጭራው ፒኮክ «ዶሮ ነው፣ ልብሱ በዝቶበት» ተባለ። ቀጥ ብለው ጥግ ወዳለችው ጎጆ ሄደው፣ እኛ ስሟን እንኳ የማናውቃትን ቡናማ አይጥ መሳይ ነገር ከበው እልል አሉ። የአንበሳው ጠባቂ ማበጠሪያው በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

እታለም ተከትላቸው ሄደች። «አዞው ከኋላ ነው ያለው፤ ይሄ ፕላስቲክ ነው። ለአለቃው አንድ ቃል ንገሩልኝ» አለቻቸው። የቡድኑ መሪ ትሁት ሰው ነበር። «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርሽና አዞ ሲታይ አሰልቺ ነው። ፕላስቲክም ሆነ እውነተኛ ለተመልካች ያው ነው» አላት።

«ባሌም አሰልቺ ነው» አለችው። «አንዴ ሶፋው ላይ ከተቀመጠ አይነሳም። በፕላስቲክ ልተካው?»

ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እሷ ናት!

ሰውዬው ስቆ ሄደ። እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ የበሩን ቁልፍ ላስረክብ አለቃችን ቢሮ ስገባ፣ እዚያው ቆማ አገኘኋት። መጥረጊያዋን አልያዘችም፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንደከበደ ገባኝ።

«እታለም፣ እኔ እኮ አዞውን ጠልቼ አይደለም» አላት አለቃችን። «ግን ሕዝቡ ልዩነቱን አያውቀውም።»

«ሕዝቡ ባያውቅ እሱ ያውቃል» አለች።

«ማን?»

«አዞው። ፀሐይ ላይ መሆኑንና ጨለማ ውስጥ መሆኑን ያውቃል።»

አለቃችን ቁልፉን ከእጄ ተቀበለ። ከዚያ እሷ «ደህና እደሩ» ብላ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ፕላስቲኩ ተነስቶ ጋሼ ገንዳው ውስጥ ነበር። አለቃችንን «ምን አሳመነህ?» ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «እኔም አላውቅም፤ እንቅልፍ እንቢ አለኝ» ነው የሚለው። አዞው ቀስ እያለ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተዘረጋ፣ አፉን ከፈተ፣ በቃ። በሳምንቱ መብላት ጀመረ። የዚያን ቀን አንድ ጎብኚ ሲወጣ ምን አለኝ? «የበፊቱ ይሻል ነበር፤ ይሄኛው አይንቀሳቀስም።»

አንድ የራሴን ነገር ልናገርና ልጨርስ።

እናቴ ወድቃ አንደበቷ የተዘጋ ጊዜ፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ቀረ። ሐኪሞቹ «ትስማ አትስማ አይታወቅም» አሉን። ዘመድ አዝማድ መጀመሪያ ቤቱን ሞላው፤ ከዚያ እየሳሳ ሄደ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «ብንመጣም ባንመጣም እሷ እንደሆነ አታውቅ» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ደክሟት ነው። እታለም ግን በእረፍት ቀኗ ትመጣ ነበር። «እንዴት ዋሉ እማማ?» ትላለች። መልስ ያገኘች ይመስል ራሷን ትነቀንቃለች። መጋረጃውን ገለጥ፣ አልጋውን ገፋ አድርጋ ፀሐዩ እናቴ እጅ ላይ እንዲያርፍ ታደርጋለች። ከዚያ ቁጭ። አታጽናናኝ፣ ተረት አታወራ፣ ሰዓቷን አታይ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ እንዲሁ ነበረች።

እናቴ እታለም እዚያ መሆኗን አውቃ ይሁን አላውቅም። ብዙ አስቤበታለሁ፤ አሁንም ድብልቅልቅ ይልብኛል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እታለም፣ ይሄን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም፤ እንዴት እንደሚነገር ግራ ስለገባኝ ነው። አመሰግንሻለሁ። ክፉ አይንካሽ።

በሉ፣ ሁላችሁም ብርጭቆ ያዙ። ያልተቀዳለት ካለ ይቀዳለት። እታለም፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ከጋሼ ጋር፣ ከእኒህኛው ማለቴ ነው፣ ደጃችሁ ላይ ተቀምጣችሁ የልጅ ልጅ ቁጠሩ። ናፍቆት ቢጤ ሲሞክርሽ ነይ፤ በሩን እኔ እከፍትልሻለሁ።

አይ፣ አይ፣ አትነሺ! ወዴት ነው? ቁጭ በይ እንጂ! ስንቱን ዘመን ቆመሽ ኖረሽ። ዛሬ አንቺ ቁጭ በይ፤ እኛ እንቁም።

ተነሱ እስቲ፣ ሁላችሁም። ለእታለም!