ዘግይቶ የመጣው ክትባት

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ እንደገባ ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስመለስ፣ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ላይ ጎማው ፈነዳ። ዝናቡም አብሮ ወረደ። ሹፌሩ ጎማ እስኪቀይር ድረስ ተሳፋሪው በየሱቁ በረንዳ ተጠለለ። እኔ በተጠጋሁበት በረንዳ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ቆመዋል። አንደኛው የአገሬው የቅኔ መምህር የኔታ ሐብተ ማርያም ናቸው። ሁለተኛዋ ፀደንያ ትባላለች፤ በከተማው የምትሠራ ነርስ ናት። ሟቹ አባቷ ቄስ ነበሩ፤ ከየኔታ ጋር በአንድ ጉባኤ የተማሩ ናቸውና እሷም የኔታን እንደ አባት ታከብራቸዋለች። እኔ ጎንደር አጠገብ ባለችው ፀዳ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ፤ ቁም ነገር ሲወራ ጆሮዬን መከልከል አልችልም።

«የኔታ፣ የኮሮናው ክትባት ከመጣ ሰነበተ። ቅድሚያው ለአረጋውያን ነው። ምነው ሳይመጡ ቀሩ?» አለቻቸው ጎንበስ ብላ።

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንቺን ማሳዘን አልሻም። ነገሩ ግን ከጅምሩ አልጣመኝም። አምና ተማሪ በትኑ ተባልን፤ በተንን። ከተበተኑት ልጆች ገና ያልተመለሱ አሉ። አስቀዳሹ ተራርቆ ከደጅ ይቁም ተባለ፤ ቆመ። ገበያው ግን ዛሬ ተዘግቶ ነገ ይሞላል፤ መጠጥ ቤቱም ሲዘፍን ያመሻል። ሕጉ የጸናው በእኛ ላይ ብቻ ነው እንዴ?»

«እውነትዎን ነው» አለች ፀደንያ።

የኔታ ክርክር ሲጠብቁ ኖሮ ቀና ብለው አዩአት።

«ተራራቁ ብለን ስንለምን ውለን፣ እኛው የጤና ሠራተኞቹ ስብሰባ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። ሕዝቡ ቢታዘበን አልፈርድበትም። ሕጉ የወጣው ለሰው ነፍስ ነበር፤ አያያዛችን ግን ያሳፍራል።»

«ክትባቱስ ቢሆን? የእኅቴ ልጅ እናኑ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ሁለቱንም ተወግታ ጨርሳለች። ነገር ግን ድንበር ተዘግቷል ተብሎ፣ እናቷ ታማ እንኳ መጥታ ልታያት አልቻለችም። አንቺስ፣ ሐኪሟ፣ ጨረስሽ?»

«አልጨረስሁም። አንዱን ወስጄ ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነው።»

«ይኸውልሽ! በሽተኛ የምታስታምመው ትጠብቃለች። ሌላው አገር ለሕዝቡ ከሚበቃው በላይ አከማችቷል ሲባል እንሰማለን። ለእኛ የደረሰን ፍርፋሪው ነው።»

«ይህም እውነት ነው። የሚልክልን አገር የራሱ ሰው ሲያልቅበት መላኩን ገታ፤ ባለጸጎቹም ቀድመው ገዝተዋል። ብናዝን ይገባናል። ግን የኔታ፣ ፍርድ ተጓድሏል ብለን የደረሰንን ብንገፋ፣ የሚጎዳው ያጓደለው ነው ወይስ እኛ?»

የሰው ልብ በምክንያት ብቻ አይከፈትም፤ ከምክንያቱ በታች የተቀመጠ ሐዘን ካለ፣ መጀመሪያ እሱ መሰማት ይፈልጋል። የኔታ በለሆሳስ ተናገሩ።

«ወንድሜ ኪዳነ ማርያም አምና ጎንደር ላይ በዚህ በሽታ አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ማኅሌት ሲቆም የኖረ ሰው በጥድፊያ ተቀበረ። እኔ ከሩቅ ቆሜ አየሁ፤ ፊቱን አልሳምሁትም። አንቺ ያን ጊዜ በሽተኞቹ ተለይተው በሚተኙበት ነበርሽ አሉ። አገኘሽው?»

አዎ ብትላቸው ክርክሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ፀደንያ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ራሷን ነቀነቀች።

«አላውቅም፣ የኔታ። ሽማግሌዎች ብዙ ነበሩ፤ እኛም እነሱም ፊታችን ተሸፍኖ ነበር። እጃቸውን ይዤ ውዳሴ ማርያም የደገምሁላቸው አሉ። ወንድምዎ ከእነሱ አንዱ ይሁኑ አይሁኑ ልነግርዎ አልችልም።»

«አገኘሁት ብትዪኝ አምንሽ ነበር።»

«ስለሚያምኑኝ ነው ያላልሁት።»

የኔታ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው ሳትሸሽጊ ንገሪኝ። መርፌው ያማል?»

«ያማል። እኔን አንድ ቀን አንቀጥቅጦ ለቀቀኝ። ከዚያ የከፋ የሚያገኘው ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ከወጋን በኋላ አስቀምጠን እናያለን። ከተከተቡ በኋላም በሽታው ሊይዝ ይችላል። አብዛኛውን ሰው ግን ከጽኑ ሕመምና ከሞት ያተርፈዋል።»

«ጠበሌስ?»

«ማን ከለከለዎ? መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎና አባቴ አይደላችሁም?»

የኔታ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፈገግታቸውን ዋጡ። «ጥቂት ከሆነ ለወጣት ይሰጥ። እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ።»

«ቅኔው ያለው በእርስዎ ልብ ነው፣ የኔታ። እርስዎ ከሄዱ ተማሪዎቹ ከማን ይቀበሉታል? ልጆቹስ የተቀኙትን ሊነግሩዎ አጠገብዎ ይቀመጣሉ፤ እርስዎን የያዘ ለእነሱም፣ ለእናቶቻቸውም ይተርፋል።»

ዝናቡ አባራ። የኔታ በትራቸውን አንሥተው «ምሪኝ» አሏት። ጎዳናውን ተሻግረው ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ፣ ጭቃው እንዳያዳልጣቸው ክንዳቸውን ደግፋ ነበር። ጎማው ተቀይሮ ሹፌሩ ጡሩምባ ቢያሰማም፣ ክንዳቸውን ገልጠው መርፌውን ሲቀበሉ ከጤና ጣቢያው በር ቆሜ ሳላይ ወደ ሚኒባሱ አልተመለስሁም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ ከፀደንያ ሰማሁ። የኔታ ለሰኔ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ክትባቱን መውሰዳቸውን ለምእመናኑ ተናገሩ። ያመናቸው ሁሉ ሲጎርፍ ክትባቱ አለቀ። አያ ሰጠኝ የተባሉ ገበሬ «ኑ ብላችሁ ጠርታችሁ፣ ባዶ እጃችንን ትመልሱናላችሁ?» ብለው ተቆጡ። የኔታም «ቁጣህ ሸጋ ነው፤ በሽታ ግን ቁጣ አይፈራም። እስኪመጣ አፍንጫና አፋችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን እንቆይ» አሏቸው። ጉባኤውን ወደ ደጅ አወጡት፤ ተማሪው ከዛፉ ሥር ተራርቆ ተቀመጠ፤ የተበተኑትም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ክረምቱን ሳል ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ ከተከተቡት ሽማግሌዎች ግን ሕመም ጸንቶበት አልጋ የያዘ አልታየም።

ጥቅምት ላይ በዚያው መንገድ ሳልፍ ክትባቱ ተመልሶ መጥቶ ነበርና ሰልፉ ከጤና ጣቢያው በር እስከ ጎዳናው ደርሷል። የኔታም ለሁለተኛው መርፌ ተሰልፈዋል። ባንቺአየሁ የምትባል ሴት ልጇን አዝላ ከሰልፉ ገባ ወጣ ስትል አዩአት።

«የኔታ፣ እርስዎ አይፈሩም?» አለቻቸው።

«እፈራለሁ እንጂ። ፍርሃቴን ይዤው መጣሁ» አሉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። «ነይ፣ ልጄ፤ ከፊቴ ቁሚ።»